ዶሮዎቹ በጸጋ ሥር ናቸው

ሰበታ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች
ስታቫንገር፣ ኖርዌይ

በሰማይና በምድር ፊት፣ በኮሌጃችን የጥሪ መለያ ቢሮ ፊትም ጭምር፣ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ይህ ደብዳቤ መጀመሪያ ላይ «ጸጋና ሰላም እንደ ማለዳ ጤዛ ይውረድብዎ፣ የዘመንዎ ክር ይርዘም» የሚል ሰላምታ ነበረው። የእኔ አይደለም። ቢሮው ካደለን ናሙና ላይ ነው የገለበጥኩት። ናሙናው «ውድ አጎቴ» ስለሚል እርስዎንም አጎቴ ብዬ ሁለት መስመር ከሄድኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። እንግዲህ የራሴን ይቀበሉኝ፦ እንደምን ነዎት? ጉልበትዎስ? ብርዱ እንዴት አደረገዎት? እግዚአብሔር ይጠብቅዎ።

ሮዳስ ነኝ፣ የታመነ ልጅ። ዝምድናችንን አባባ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቶኛል፤ በመሃል ሦስት ሰው ሞቷል፣ ሁለት ሰው አግብቷል፣ እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። ብቻ ዘመድ ነን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

የምጽፍልዎ ቡራዩ ያለው ኮሌጃችን ሁለተኛ ዓመት ላይ «የጥሪ ምስክር» አምጡ ስለሚል ነው። ምስክሩ ወላጅ መሆን አይችልም፤ ወላጅ ያዳላል። ጓደኛም አይሆንም፤ ጓደኛ ይዋሻል። በዕድሜ የገፋ የሩቅ ዘመድ መሆን አለበት። ከተማሪው ጋር ይጻጻፋል፣ ተማሪው ልምምድ ላይ ያየውን ይሰማል፣ በመጨረሻም የተማሪውን ጥሪ ቅጹ ላይ ባለችው ሳጥን ውስጥ ጽፎ ይፈርማል። የቢሮው ኃላፊ መጋቢ ካሳሁን «ቴሌግራም ነፍስን ያቻኩላል» ስለሚሉ በእጅ ነው የምጽፈው። ከዚያ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ። አይስጉ፣ ደብዳቤዎቹን አያነቧቸውም፤ ብዛታቸውን ብቻ ነው የሚያዩት።

የምማረው ሊበራል አርትስ ነው። አባባ ፋብሪካ ውስጥ ጓደኞቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ሥነ ጽሑፍም፣ ታሪክም፣ ፍልስፍናም፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው» አላቸው። አንዱ «በያይነቱ ነው በለኛ» አለው። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ በያይነቱ ነው የምባለው።

ለልምምድ (አባባ «አፓረንት» ነው የሚለው) ጋዜጣ ዝግጅት ወይም ቤተ መጻሕፍት ጠብቄ ነበር። የተመደብኩት ሱሉልታ፣ ዶሮ እርባታ። ባለቤቱ የኮሌጁ የቦርድ አባል፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው፤ ሽማግሌ ዘርሁን ይባላሉ። ፍልስፍና የሚማረው ዮአብም አብሮኝ ተመድቧል። መጋቢ ካሳሁን ሲያሰማሩን «ጥሪ በእጅ ሥራ ውስጥ ይገለጣል» ብለው ጓንት ሰጡን። አንድ ጥንድ ነበር። ግራው ለእኔ፣ ቀኙ ለዮአብ ደረሰ።

እትዬ፣ የዶሮ ኩስ ሽታ አፍንጫ ላይ አይቆምም፤ ገብቶ ጥርስ ላይ ይቀመጣል። ማታ ቤቴ እራት ስበላ እሱን የማኝክ ይመስለኛል። እዚያ የሚለማመዱ ሯጮች ግቢያችን አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነት ይጨምራሉ። ዮአብ «ሰዓት የሚያሻሽሉት በእኛ ነው» ይላል።

ትናንት ደግሞ ሁለት ሺህ እንቁላል ጣይ ዶሮ ተጨመረ። አንድ እንግዳ ነቢይ «የድንኳንህን ስፍራ አስፋ» ብሎ ለሽማግሌ ዘርሁን ስለተናገራቸው ነው። በቀለች፣ ማለትም ዘጠኝ ዓመት እዚያ የሠራች የሱሉልታ ሴት፣ መኖ እየበተነች «ኦቦ ዘርሁን፣ ሰኞ እኮ ሁዳዴ ይገባል። አምሳ አምስት ቀን እንቁላል ማን ሊገዛ ነው?» አለቻቸው።

ፈገግ ብለው «በቀለች፣ ጾም በሕግ ሥር ላሉ ነው። ዶሮዎቹ በጸጋ ሥር ናቸው» አሏት።

«ዶሮዎቹስ ይሁኑ። ገዢዎቹ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው።»

አልሰሟትም፤ ለአዲሶቹ ዶሮዎች መዝሙር ማስጀመር ነበረባቸው።

ከእርስዎ የምለምነው ፊርማ ብቻ ነው። ሽማግሌ ዘርሁን ግምገማዬን፣ እርስዎ ሳጥኗን ካልፈረማችሁልኝ ሦስተኛ ዓመት አልገባም። ቅጹን አያይዣለሁ። ጥሪዬን ራስዎ ይምረጡልኝ፤ ዶሮ ብቻ አይሁን።

አክባሪዎ ሮዳስ

*

ስታቫንገር፣ የካቲት 20 ቀን 2017

ይድረስ ለልጄ ለሮዳስ ታመነ፤

እስከዛሬ ያቆመን አምላክ ስሙ ይባረክ። ለአንቺ፣ ለአባትሽ፣ ለእናትሽም ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ግራው ደህና ነው።

ደብዳቤሽን በእረፍቴ ሰዓት አነበብኩት። የምንከባከባት አሮጊት «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ፤ የዶሮና የጸጋን ነገር በኖርዌይኛ ማስረዳት አቃተኝ። ይሁን እንጂ ልምከርሽ፤ በሽማግሌ አይሳቅም። ሽታውንም ተላመጂው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የአረጋውያን ቤት ስሠራ አንድም ቀን ፊቴን አላጨማደድኩም። ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፍቷል። ሥራ የሚያስነውረው ሰነፍን ብቻ ነው።

ቅጹ ደርሶኛል። «መምህርነት» ብዬ ልሞላልሽ አስቤያለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ አባትሽም ደስ ይለዋል። በዚህ ሳምንት እልክልሻለሁ።

አንድ ነገር ጻፊልኝ። ይህ ሽማግሌ ዘርሁን የምትይው የአባቱ ስም ማን ነው? የየት አገር ሰው ነው? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

በጌታ የምትወድሽ ደመቀች

*

ሰበታ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች፤

ቀኝ ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ ግራውንም ከቅናት ይጠብቅልዎ።

ዘርሁን ሄራሞ ናቸው፣ የሆሳዕና ሰው። በወጣትነታቸው የወጣቶች መሪ ነበሩ አሉ። ቢሯቸው ውስጥ አኮርዲዮን ይዘው የተነሱት ፎቶ አለ፤ ያኔ ፀጉር ነበራቸው። ያውቋቸዋል እንዴ?

ምክርዎን ተቀብዬ ለአራት ቀን አልሳቅኩም። አምስተኛው ቀን ላይ ግን እንቁላሉ መጋዘኑን ሞልቶ ወደ ቢሮ ገባ። አሁን ከጠረጴዛቸው ሥር እንቁላል አለ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው ላይ እንቁላል አለ፣ ሽንት ቤት ስገባ የሠላሳ የሠላሳው ካርቶን እስከ ኮርኒስ ተደርድሮ ያየኛል። ነጋዴዎቹ ስልክ አያነሱም። ዶሮዎቹ ደግሞ በጸጋ ሥር ስለሆኑ ሳያርፉ ይጥላሉ።

ጠዋት ጠዋት መጋዘን ውስጥ ጸሎት አለን። ትናንት ሽማግሌ ዘርሁን «ዮሴፍ በግብጽ ሰባት ዓመት አላከማቸም ወይ?» ብለው ሰበኩ። ዮአብ በጆሮዬ «ያከማቸው እህል ነው» አለኝ። ሳቄን ስይዝ የተደገፍኩት ካርቶን ተንሸራተተና ተሰንጥቆ የከረመ አንድ እንቁላል እጄ ላይ ፈነዳ። እትዬ፣ ፈሰሰ አልልም። አረንጓዴ ነገር ነው፣ ክር አለው፣ ሙቀት አለው። እስከ ክርኔ ወረደ። ሽማግሌ ዘርሁን ዓይናቸውን ሳይገልጡ በመሐረብ አፍንጫቸውን ያዙና «አሜን በሉ» አሉ።

እጄን አምስት ጊዜ ታጥቤ ወደ ቤት ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት «የሞተ ነገር የጫነ ሰው አለ?» ብሎ መስኮት አስከፈተ። እኔም ከሁሉም ብሼ አፍንጫዬን ያዝኩና አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ ገላመጥኳት። ይኸኛው ሁለተኛው ኑዛዜዬ ነው።

የሚያስጠላኝ ሽታው ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የሚያስጠላኝ፣ ይህንን ሁሉ እያየን ሁላችንም «ተባረክን» ማለታችን ነው። መጋቢ ካሳሁን ለጉብኝት መጥተው ከበር ሳያልፉ «ምን ተማራችሁ?» አሉን። ዮአብ «ትዕግሥት» አለ፤ እኔ «ትንፋሽ መያዝ» አልኩ። የእሱን ጻፉለት።

አባባ ለሦስተኛ ዓመት ብሎ ከወዲሁ አዲስ ቦርሳ ገዝቶልኛል። ሰኔ ሳይገባ ነው እኮ። እባክዎ «መምህርነት» ብለው ይላኩልኝ፤ ምንም ቢሉ ግድ የለኝም።

ሮዳስ

*

ስታቫንገር፣ መጋቢት 26 ቀን 2017

ልጄ ሮዳስ፤

ሰላም ይብዛልሽ። መልስ ያዘገየሁት የሥራ ፈረቃዬ ተቀያይሮብኝ ነው። እዚህ ዝናቡ አላቋረጠም።

ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ያ ሰው አንቺን ምን ሥራ ነው የሚያሠራሽ? አንቺን ለይቶ የሰጠሽ ሥራ አለ ወይ? ለብቻሽ ጠርቶ ያነጋግርሻል ወይ? ሳታሳጥሪ፣ ሳትቀልጂ ጻፊልኝ።

ደመቀች

*

ሰበታ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች፤

ሰላምታዎ አጠረብኝ፤ ሥራ በዝቶብዎት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኬን እየከፈትኩ ሳይ ነው የከረምኩት። ሳትቀልጂ ስላሉኝ ሳልቀልድ ልጻፍ። ካቃተኝ ይቅር ይበሉኝ።

ፋሲካ እሑድ ሚያዝያ 12 ነው። ነጋዴዎቹ አሁን ራሳቸው እየደወሉ ነው። ሽማግሌ ዘርሁን ደስ ብሏቸው በግ ሊያርዱ ነው። ትናንት በቀለች በስልኳ መብራት እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ስታይ ዋለች። ከአሥር ሦስቱ ጥቁር ነው፤ አንዳንዱ ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ እንዳለበት ጠርሙስ ይላል። «ይኼ ይቀበር» አለች። ሽማግሌ ዘርሁን «አንድም አይጣል» አሉ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ቢሮ ጠሩኝ።

ካርቶኖቹ ላይ እንቁላሉ የተጣለበትን ቀን የያዘ ካርድ ይለጠፋል። ሱፐርማርኬቶች ያለ እሱ አይረከቡም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ቁልል ባዶ ካርድ አስቀምጠው እጄን ያዙና ገልብጠው አዩት።

«ሮዳስ ልጄ፣ የእጅ ጽሑፍሽን ሪፖርትሽ ላይ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያይ ሰው ያምናል። እኔ ብዙ ወጣት አይቻለሁ፤ ጥሪሽን አሁን አየሁት።»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሚያዝያ 8 ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

«ጋሼ፣ ሚያዝያ 8 ገና አልደረሰም እኮ።»

«በእምነት ነው የምንጽፈው» አሉኝ።

የካቲት የተጣለ እንቁላል መሆኑን ነገርኳቸው። «ዶሮ ወጥ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ይቀቀላል፣ በርበሬ አለው፤ ማን ያውቀዋል?» አሉ። በቀለች ጾሙ ከገባ ወዲህ ከፍስክ ነገር ጠብታ አልቀመሰችም። እሷና እንደ እሷ የጾመ ሰው ሁሉ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆሞ፣ ተመልሶ መጀመሪያ የሚጎርሰው እጄ ላይ የፈነዳውን ነው ማለት ነው።

ወደ መጋቢ ካሳሁን ሄድኩ። አዳምጠውኝ «መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል፤ ለሳኦል የተባለውን አንብቢ» አሉኝ። «አንብቤዋለሁ መጋቢ፤ ሳኦልን ያስወቀሰው እኮ መጥፋት የነበረበትን ከብት አላጠፋም ብሎ ማቆየቱ ነው» አልኳቸው። «ግምገማሽ ሳይሞላ ቢቀር እኔ የማደርገው ነገር የለም» አሉ።

እንግዲህ ካርዱን ካልጻፍኩ ሽማግሌ ዘርሁን አይፈርሙም። ካልፈረሙ ሦስተኛ ዓመት የለም፣ አባባ ቦርሳውን ለማን ይስጠው? እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጥተውኛል። ቅጹን አሁን አይፈርሙልኝ። ከፊርማው በፊት የሚያውቁትን ይንገሩኝ፤ ስለሚያውቁ ነው የሚጠይቁኝ።

ሮዳስ

*

ስታቫንገር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ልጄ ሮዳስ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ሰላምታ አላስረዝምም።

ዘርሁን ሄራሞን አውቀዋለሁ። እንደ አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ሁለተኛ ወሬን ይዤ ነበር። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እጄን ያዘና ገልብጦ አየው። «ደመቀች፣ ይህ የጠመኔ እጅ አይደለም፤ የርኅራኄ እጅ ነው። ጥሪሽን አየሁት» አለኝ። አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። እስከዚያ ቀን እጄን ያየልኝ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ማሠልጠኛውን ትቼ ጥሪዬ አለበት ወደተባልኩበት ሄድኩ። የእናቱ ቤት ነበር። አሮጊቷ አልጋ ላይ ውለው ጀርባቸው ቆስሏል። ሦስት ዓመት አገላብጬ አጠብኳቸው። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይጸልያል። አንቺ መሐረቡን ስትጽፊልኝ ነው መልስ ያቃተኝ፤ ፈረቃዬ አልተቀያየረም ነበር። እናቱ ሲያርፉ በጉባኤ ፊት አመሰገነኝ። በማግሥቱ የቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ። ማሠልጠኛው ቦታዬን ለሌላ ሰጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለኝ ይኸው የሰው እናት አጥባለሁ። ጥሪ ይሁን ልማድ እስካሁን አልለየሁትም። ፊቴን አላጨማደድኩም ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ሰው እንዳያየኝ ዞሬ ነው የማጨማድደው። ትናንት እጅሽን ገልብጦ ማየቱን ሳነብ ግን መዞሪያ ጊዜም አላገኘሁ፤ እቃ ማጠቢያው ላይ አስመለሰኝ። አንድ ቃል እንኳ አልቀየረም። በዚህ ሁሉ ዓመት።

አትጻፊ አልልሽም። ጻፊም አልልሽም። ትምህርቱን የምታጪው አንቺ ነሽ፤ በሩቅ ተቀምጦ በሰው እጅ ላይ የሚያዝዝ ሌላ ሰው አያስፈልግሽም። የእኔን ድርሻ ግን ጨርሻለሁ። ቅጹን ፈርሜ ልኬዋለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«የሮዳስ ታመነን ጥሪ አላውቅም፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ አውቃለሁ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ እሱ ከጥሪዋ ምን እንደሚያገኝ ይጠየቅ።»

መጋቢው ፊርማው የእኔ አይደለም እንዳይል ስልኬን ጽፌበታለሁ፤ ይደውልልኝ።

ደመቀች

*

ሱሉልታ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሐሙስ ሚያዝያ 9 ቀን 2017

ለእትዬ ደመቀች፤

እግዚአብሔር እጅዎን ይባርክ፤ ማንም ገልብጦ ሳያየው።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ መውረጃዬን አልፌ አንድ ፌርማታ በእግሬ ተመለስኩ። የሚቀለድ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ለእኔ ይህ በሽታ ነው።

ቅጹን ትናንት ለመጋቢ ካሳሁን ሰጠኋቸው። ሳጥኗን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አነበቡ። «ይኼ ጥሪ አይደለም» አሉኝ። «ሳጥኑ ሞልቷል መጋቢ፣ ፊርማም አለው፣ ስልክም አለው» አልኳቸው። ሊደውሉ ስልካቸውን አነሱና ደግሞ አስቀመጡት። ኪሳቸው አልከተቱትም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጡት። ይደውሉ አይደውሉ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌ ዘርሁን ካርዶቹን ሰጡኝ። ተቀበልኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። በቀለች በየቀኑ ስንት እንቁላል ከየት ክፍል እንደተሰበሰበ የሚጻፍበትን መዝገብ ይዛ መጣች። ዮአብ ካርቶኖቹ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን የመዝገብ ቁጥር ጮክ ብሎ ያነባል፣ በቀለች ከመዝገቡ ቀኑን ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የካቲት 19። የካቲት 24። መጋቢት 3። መጋቢት 11። በሕይወቴ እንዲህ አሳምሬ ጽፌ አላውቅም። በቀለች ራሷ ማንበብ እየቻለች የጻፍኩትን ሁለቴ እያስነበበችኝ «ይኼ መጋቢት ያምራል» ትለኝ ነበር። የገሙትን ለብቻ አድርገን «አይበላም» ብዬ ጻፍኩባቸው፤ እሱንም አሳመርኩት። «አንድም አይጣል» ስለተባለ እነሱም አብረው ተጫኑ።

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን አያስለቅቁሽም?» አለችኝ በቀለች።

«ደሞዝ የለኝም እኮ። ምኑን ያስለቅቁኛል? አንቺ ነሽ የምታሳስቢኝ።»

«እኔ መዝገብ አነበብኩ እንጂ ምን አደረግኩ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንብቢ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ሽማግሌ ዘርሁን አንዴ ብቅ ብለው ነበር። አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ነው፣ ከበሩ አላለፉም። ከሩቅ የካርዱን ረድፍ አይተው «ግሩም ነው። አላልኩሽም?» ብለው ሄዱ። ለአባባ እስካሁን አልነገርኩትም። ቦርሳውን በምን አፌ እንደማነሳለት አላውቅም። ግን ያ አረንጓዴ ነገር ከክርኔ ላይ የለቀቀኝ ዛሬ ነው።

አሁን መኪናው በር ላይ ተጭኖ ቆሟል። ከሱፐርማርኬቱ የመጡት ተረካቢ ወይዘሮ ስንዱ ይባላሉ፤ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ቦርሳቸው ከእኔ አዲስ ቦርሳ ይበልጣል። እኛ ሦስታችን መጋዘን ውስጥ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጠናል። ሽማግሌ ዘርሁን ጉዞውን እየባረኩ ነው፤ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ሹፌሩን ባረኩ፣ ጎማውን ባረኩ፣ ፍሬኑን ባረኩ። ዮአብ በቀዳዳ እያየ ይነግረኛል፤ ወይዘሮ ስንዱ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ መነጽር ከቦርሳቸው አወጡ፣ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አሉ።

ጸሎቱ መሃል ላይ ቆመ። ሽማግሌ ዘርሁን ጸሎት መሃል ላይ ሲያቆሙ ሰምቼ አላውቅም።

ወይዘሮ ስንዱ «ሽማግሌ፣ የካቲት ይላል እኮ» ሲሉ ሰማሁ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ሌላ ካርቶን ሲጎተት ይሰማል። ሌላም። «ይኼኛው ደግሞ አይበላም ይላል።»

የጫማ ድምፅ ወደዚህ እየመጣ ነው። በቀለች መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ ተነሳች። ዮአብ «ደብዳቤውን ደብቂው» ይለኛል። አልደብቀውም። በሩ ተከፈተ፤ ዛሬ መሐረብ አልያዙም፣ ደጃፉንም አልፈው ገቡ፣ ልጄም አላሉኝም፦

«ሮዳስ።»